በትእዛዝ የሚከፈተው መሳቢያ

ነገሩ የአምስት መቶ ብር ነበር። ሥራ አስኪያጁ አቶ ባያብል ከአንድ ሰዓት በኋላ የሚያነቡት ንግግር ያለበት ሲዲ፣ የሲዲ መክፈቻ ቁልፉ በተሰበረ ኮምፒውተር ውስጥ ቀረ። የተጠራችው ባለሙያ በአምስት መቶ ተስማማች። ትእዛዙን በኪቦርዱ ጽፋ ስትጨርስ፣ አቶ ባያብል በር ላይ ለሚቆመው ዘበኛቸው እንደሚያደርጉት ኮምፒውተሩ ላይ «ክፈት!» ብለው ጮኹ። የሲዲው መሳቢያ ወጣ።

«አየሽ፣ የታዘዘው ለእኔ ነው። ለአንቺ ለምኑ ነው የምከፍልሽ?»

እሳቸው ሲዲውን ከማንሳታቸው በፊት፣ ባለሙያዋ አንድ ቃል ጽፋ መሳቢያውን መልሳ አስገባችው።

«እንግዲያው ይድገሙት፣ ጌታዬ።»

ሦስት ጊዜ «ክፈት!» አሉ። ጸሐፊያቸው በነጠላዋ አፏን ሸፈነች፤ መሳቢያው ግን ንቅንቅ አላለም።

«የእርስዎ ትእዛዝ በነጻ ነው» አለች ባለሙያዋ፤ «የእኔ ግን አሁን ሺህ ብር ገብቷል።»

ሺውን ከፈሉ፤ መሳቢያውም በእሷ ትእዛዝ ተከፈተ። ሒሳቡ ሲዘጋ ከስምምነቱ በላይ የእሷ ትርፍ አምስት መቶ ብር፣ የእሳቸው ኪሳራ አምስት መቶ ብርና ሦስት «ክፈት» ሆነ።