ባርኩንና ታሉስ በአንድ ቀንበር

አንድ ይርዳው የሚባል ገበሬ ነበር። ያለው በሬ አንድ ነው። የጎረቤቱ የጎሹም በሬ አንድ ነው። በአንድ በሬ እንደማይታረስ የታወቀ ስለሆነ፣ ሁለቱ በሬዎቻቸውን አቀናጅተው አንድ ቀን የአንዱን፣ ሌላ ቀን የሌላውን ማሳ እያረሱ አሥራ አንድ ክረምት ኖሩ። ያን ጊዜ የዓለም ወሬ ገና አልደረሳቸውምና በሰላም ይኖሩ ነበር።

ኋላ ግን የጨው ነጋዴዎች፣ ከሦስት ድንበር ማዶ ትግል ስለሚገጥሙ ሁለት ዝነኞች ማውራት ጀመሩ። አንዱ ባርኩን፣ ሌላው ታሉስ ይባላል። ይርዳው ባርኩንን ወደደ፤ ጎሹ ታሉስን። አንዳቸውም ዝነኞቹን አላዩአቸውም፤ ማየት ፍቅርን ያቀዘቅዛልና ይህ አልጎዳቸውም። ይርዳው በሬውን «ባርኩን» ብሎ ሰየመው። ጎሹም የራሱን «ታሉስ» አለው።

የእርሻ ወቅት ደረሰ። ጎሹ በሬውን እየነዳ ሲመጣ ይርዳው በረቱ ደጃፍ ላይ ቆመ።

«ባርኩን ከታሉስ ጋር በአንድ ቀንበር አይገባም።»

«ተው እንጂ ይርዳው፣ ዝናቡ እኮ ጥሏል።»

«ባለፈው ትግል ባርኩን ጥሎት ታሉስ አፈር ልሶ የለም እንዴ?»

«ተንሸራቶ ነው። አንተ ደግሞ ቆመህ ያየህ ትመስላለህ» አለና ጎሹ በሬውን ይዞ ተመለሰ።

የሁለቱም ማሳ ጦም አደረ። የይርዳው ሚስት ስንዱ ባዶውን ጎተራ እያየች «እንግዲህ ልጆቹ ሲርባቸው ባርኩን እህል ይሰፍርልን እንደሆነ ሂድና ጠይቀው» አለችው። ይርዳው ምክሯን ከልቡ ተቀብሎ ስንቅ ቋጠረ።

አሥራ ሁለት ቀን ተጉዞ ሲደርስ ባርኩንና ታሉስን ከአንድ ገበታ ሲበሉ አገኛቸው።

«ጌታዬ፣ ስለ እርስዎ ብዬ ከጎረቤቴ ተጣልቻለሁ» አለ።

ባርኩን ጉርሻውን ዋጠና «ከየት አገር ነህ ወንድሜ?» ሲል ጠየቀ። ይርዳው ነገረው። ባርኩን የአገሩን ስም እንኳ ሰምቶ አያውቅም።

«ከጠላትዎ ጋር እንዴት ይበላሉ?»

«የምን ጠላት? ብቻውን የሚታገል ሰው አይተህ ታውቃለህ? እሱ ከሌለ ማንን ልጥል ነው? እናንተ አገር በአንድ በሬ ታርሳላችሁ?»

«ዘንድሮ ሞክረን ነበር» አለ ይርዳው።

ተመልሶ እንደመጣ በቀጥታ የሄደው ወደ ጎሹ ቤት ነው። ያየውን ሁሉ ነገረው። ጎሹ ብዙ አሰበና «ለመሆኑ ታሉስ ምን ይመስላል?» አለ።

«ጉርሻው ትልቅ ነው።»

በማግስቱ በሬዎቹን ጠመዱ። ለጤፍ ረፍዶ ነበርና ሽምብራ ዘሩ። ባርኩንና ታሉስ በአንድ ቀንበር ሲገቡ ቅሬታ አላሳዩም፤ በሬዎች ስለሆኑ ወሬ አይከታተሉም።

የታሪኩ ትምህርት ይህ ነው። ዝነኛ መውደድ ነውር የለበትም። ጎረቤትዎን ከመጥላትዎ በፊት ግን ዝነኞቹ በእርግጥ መጣላታቸውን ያጣሩ። ማጣራቱ አሥራ ሁለት ቀን ያስኬዳል፤ የጎረቤት በር ግን ቅርብ ነው።

ለመሆኑ የእርስዎ በሬ ዛሬ ከማን ጋር ተጠምዷል?