ስም ያለው ሥጋ

በእኛ ሰፈር ካርታ ይዞ የማያውቅ ሰው እንኳ የሚተርታት አንዲት አባባል አለች። የጥንት አዋቂዎች ያወጧት የሚመስላቸው ብዙ ናቸው፤ ነገሩ ግን የመጣው ከበሬ ምላስ ነው።

የሰፈሩ ሰዎች ለፋሲካ በሬ ጥለው ሥጋውን በመደብ በመደብ ይካፈላሉ፤ ይህ የትም ያለ ቅርጫ ነው። ሻኛው፣ ጉበቱና ምላሱ ግን ለሁሉም ቢከፋፈሉ የማንንም አፍ ስለማይሞሉ፣ ሌላው በሬውን ሲገፍፍ ካርታ ይጫወቱባቸዋል። ለእያንዳንዱ ተጫዋች እኩል ባቄላ ይሰጠዋል፤ ያለቀበት ይነሣል። መጨረሻ የቀሩት ሦስቱ እንደየደረጃቸው ሻኛውን፣ ጉበቱንና ምላሱን ይወስዳሉ። አራተኛ የወጣ ሰው መጀመሪያ ከወጣው በምንም አይሻልም፤ እንዲያውም የሚሳቅበት እሱ ነው።

ወይዘሮ አጸደ ለካርታ ፍቅር የላትም። የዚያን ዓመት ጨዋታው ላይ ያስቀመጣት ጭንቀት ነው። በጥር የዳረቻት ልጇ አማት፣ አቶ ተገኝ፣ በማግስቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤቷ ለምሳ ይመጣሉ። ለአዲስ አማት ደግሞ በመደብ የደረሰ ተራ ሥጋ ማቅረብ በእኛ አገር ንቀት ነው፤ ስም ያለው ሥጋ ያስፈልጋል። ሉካንዳ በሌለበት ከተማ ከየት ይገዛል? አጸደ ገና ከዋዜማው ጀምሮ አማትየው ትሪውን አይተው ጋቢያቸውን አጣፍተው ሲነሡ፣ ልጇም ሻንጣዋን አንጠልጥላ ስትመለስ ይታያት ነበር። ባሏ ሽፈራው ሁለት ዓመት በተከታታይ አራተኛ ስለወጣ፣ ዘንድሮ እሷ ራሷ ተቀመጠች።

ጨዋታው ቀላል ነው። ሁሉም አንድ አንድ ባቄላ መሐል ያደርግና ሁለት ሁለት ካርታ ይታደላል። ካርታው ያልጣመው «ተውኩ» ብሎ በዚያችው ባቄላ ይገላገላል፤ የተማመነ ያለውን ሁሉ ይገፋል። የሚበልጥ ጥንድ የያዘ ይበላል፤ ባላጋራው ካስገባው በላይ የተገፋ ትርፍ ግን ለባለቤቱ ይመለሳል።

አራት ሰው ቀረ። ባለ ወፍጮው ጋሽ ወርቅነህና ሾፌሩ ምናለ ፊት የተከመረው ባቄላ ንፍሮ ቢሆን ሰፈሩን ያጠግባል። ልብስ ሰፊው ታፈሰ መካከለኛ ነው። አጸደ ፊት የቀረችው እፍኝ አትሞላም።

«አጽዬ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?» አለ ሽፈራው ከኋላዋ ቆሞ። «አንድ አንድ እያልሽ ልታልቂ እኮ ነው። ድፈሪ!»

«አንተ ደግሞ ስለ ድፍረት! ትናንት ዶሮ ለማረድ ጎረቤት ጠርተህ የለም?»

በሬ የሚገፍፉት ሁሉ ቢላቸውን ይዘው ሳቁ።

ካርታ የሚያድሉት አዛውንቱ አለቃ ድምፁ ነበሩ። እንደገና አደሉ። ጋሽ ወርቅነህ ካርታውን ገለጥ አድርጎ አየና ክምሩን በሁለት ክንዱ ገፋው። «ሙሉውን!»

«ወፍጮውንም ይጨምሩበት እንጂ ጋሼ!» አለ ምናለ፤ የራሱንም ገፋ። ሁለቱ ክምሮች ትከሻ ለትከሻ ነበሩ።

ታፈሰ «ተውኩ» አለ። ተራው የአጸደ ሆነ።

በመዳፏ ከልላ ገለጠች። ንጉሥ። ሁለተኛውም ንጉሥ። የሽፈራው ትንፋሽ ማጅራቷ ላይ ቆመ። ከዚህ የሚበልጥ ሁለት አስ ብቻ ነው።

ሌላ ሰው ቢሆን በደስታ ይዘል ነበር። አጸደ ግን መልካም ነገር ስታይ ከጀርባው ምን እንደተደበቀ መፈለግ ይቀድማታል። አንዳቸው ሁለት አስ ይዞ ቢሆንስ? ሰው ደህና ነገር ሳይዝ እንዲህ ይገፋል? እንዲህ ስትፈራ ስትቸር አንድ ነገር ታያት። ሁለቱ ያላቸውን ሁሉ አስገብተዋል። ማንም ይብላ ማን፣ የተበላው ባዶውን ይነሣል፤ ቢተርፈው እንኳ ከእሷ ያነሰ ነው። ታዲያ እሷን ምን ጥልቅ አደረጋት?

«ተውኩ» አለች።

«አንቺ ሴት!» ሽፈራው ጭንቅላቱን ያዘ። «ልታሳብጅኝ ነው?»

«ሂድና በሬውን ግፈፍ።»

ካርታ ተገለጠ። ጋሽ ወርቅነህ ሁለት ንግሥት፣ ምናለ ሁለት አስር። ባቄላው ሲቆጠር ለምናለ አንዲት ፍሬ አልተረፈችውም። እየተነሣ የአጸደን ካርታ ገልበጥ አደረገና ጮኸ።

«ሁለት ንጉሥ! እትዬ፣ ቢገቡ ኖሮ ሁለታችንንም ይበሉን ነበር እኮ!»

«ሁለት አስ ይዘህ ቢሆንስ?»

«አልያዝኩማ!»

«እሱን አሁን ነው የነገርከኝ፣ ልጄ።»

ከዚያ በኋላ አጸደ ብዙም አልቆየች። ባቄላዋ አለቀ፤ ሦስተኛ ናትና ምላሱን በሳህን ተቀበለች። ሳህኑን የተሸከመው ሽፈራው ነው፤ ጨዋታውን የመከረው እሱ የሆነ ይመስል ደረቱን ነፍቶ ነበር የሚሄደው። ምናለ ግን ከበሩ ላይ ቆሞ «ሁለት ንጉሥ ጥላ! ሰው ሁለት ንጉሥ ይጥላል?» እያለ ላለፈ ላገደመው ሁሉ አቤት ይላል።

አለቃ ድምፁ ካርታውን እየሰበሰቡ ቀና አሉ። «አንተ ልጅ፣ ይልቅ ስማኝ፦ ባለ ቁናው ተጋፍቶ ወደቀ፣ ባለ እፍኙ ተቀምጦ ዘለቀ።»