የቡፌው ምራቂ

አንድ ቅመማ ቅመም ነጋዴ ነበር፤ ስሙ ቢሻው ይባላል። ገበያው መሃል ባለች ጠባብ ሱቁ ኮረሪማ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ በሶብላና እርድ ይሸጣል። ቢሻው ቁጥብ ሰው ነው፤ ሳቁን እንኳ መዝኖ ነው የሚያወጣው። በአንድ ነገር ግን እጁ አይታጠፍም። ሚዛኑ ልክ ከሞላ በኋላ ሁልጊዜ በጣቶቹ ቆንጠር አድርጎ ከላይ ይጨምራል። ገበያተኛ ይህን ጭማሪ ምራቂ ይለዋል። ዋጋ አይጠራበትም፣ ደረሰኝ ላይ አይገባም፣ ሻጩም ሰጠሁ ብሎ አያወራም። ከእሱ ማዶ ረከስ አድርጎ የሚሸጥ ሱቅ እያለ ሰው ወደ ቢሻው የሚመጣው ለዚያች ቁንጥር ነው። ይህን እሱም ያውቃል፤ ስለ ምራቂ ወሬ ካነሳችሁበት ሻያችሁ እስኪቀዘቅዝ አይለቃችሁም።

ሚስቱ ሙላቷ ከሞተች ወዲህ ግን ቤቱ ማዕድ የለም። ሌላውን ቀን ሱቁ ውስጥ ዳቦና ሻይ ይበቃዋል። ዓርብ ዓርብ ከገበያው ጀርባ ወዳለ ምግብ ቤት ይሄዳል፤ ቤቱ ዓርብ የጾም ቡፌ ያወጣል። መጀመሪያ የሄደ ቀን ባዶ ሰሃን ይዞ ከድስቶቹ ፊት ቆሞ ቀረ። በትዳር ዘመኑ ሁሉ ለራሱ ምግብ አንስቶ አያውቅም። ሙላቷ ታቀርባለች፣ እሱ እጁን ታጥቦ ይቀመጣል፤ እንዲህ ነበር የኖሩት። እና ያ ስንቱን ተከራካሪ ገበያተኛ በአንድ ቃል የሚመልስ ሰው፣ ከየትኛው ድስት እንደሚጀመር ግራ ገብቶት ከኋላው የተሰለፈውን ሰው ሁሉ አገደ።

ያኔ አንዲት አስተናጋጅ ጠጋ አለች። ደብሪቱ ትባላለች፤ ጠና ያለች፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ሴት ናት። ቡፌ ቤት አስተናጋጅ ምን ትሠራለች ብትሉ፣ የተበላበትን ሰሃን ታነሳለች፣ ጠረጴዛ ትወለውላለች፣ ውሃ ታቀርባለች፣ ያለቀውን ድስት ከወጥ ቤት ታስሞላለች። እሷ መኖሯ የሚታወቀው የቆሸሸ ሰሃን ሳይነሳ የቀረ ቀን ብቻ ነው።

«ከዚህ ይጀምሩ ጋሼ» አለችው ሌላ ሰው በማይሰማው ድምፅ። «እንጀራውን ከሥር ያንጥፉት፤ ሰላጣውን ወደ ዳር ያድርጉት፣ እንዳያርስብዎት።» ይህን ብላ ወደ ሥራዋ ሄደች። ቢሻውም እንዳለችው አደረገ፤ ማንም ሳይስቅበት በላ።

ከጥቂት ዓርቦች በኋላ ውሃ ልታስቀምጥለት መጥታ ሰሃኑን አየችው።

«ምነው ጋሼ፣ ይቺን ብቻ?»

«ትበቃኛለች።»

«አትበቃዎትም። አፈር ስሆን፣ ከጎመኑ ትንሽ ይጨምሩ። አሁን ነው የወጣው።»

ቢሻው ቀና ብሎ አያት። ሙላቷ «አፈር ስሆን» ሳትል ያለፈ ማዕድ አልነበረም። አፈር ስሆን ጨምር፣ አፈር ስሆን ይቺን ብቻ ጉረስ፤ ያን ሁሉ ዘመን እንዲያ ያለችው ሴት አሁን እውነትም አፈር ውስጥ ናት፤ ከቀብሯ ወዲህ ማንም ሰው ጨምር ብሎት አያውቅም። ተነሳና ጎመን ጨመረ። አልራበውም ነበር፤ ግን አንዲት ሳያስቀር በላው።

ከዚያ ወዲህ ሱቁን ሲከፍት ዓርብን ያስባል፣ ሲዘጋም ዓርብን ያስባል። የሚናፍቀው ምግቡን አይደለም። እውነቱን እንናገር ካልን የቤቱ ሽሮ ቀጭን ነው፣ ምስሩም ቅመም አጥሮታል፤ ይህን ደግሞ ከቢሻው የበለጠ የሚያውቅ የለም። የሚናፍቀው አንድ ሰው ሰሃኑን አይቶ «አነሰ» እንዲለው ነው። ደብሪቱም አትረሳውም ነበር። ገበያ ጠፍቶ ተክዞ የመጣ ቀን ከሩቅ አይታው ጥግ ያለችውን ጸጥ ያለች ጠረጴዛ ትጠርግለታለች። ጥርሱን ያመመው ቀን ለስለስ ያለውን አሳየችው። ሁልጊዜም ከመሄዷ በፊት ያችን ቃል ትላለች፤ እሱም ሁልጊዜ እንዳልጠበቃት ሆኖ ይጠብቃታል።

ሂሳብ ሲመጣ ግን ቢሻው መልሱን ሳንቲም ሳያስቀር ይሰበስባል።

አንድ ዓርብ የሱቅ ጎረቤቱ ገድሉ አብሮት በላ። ጫማ ነጋዴ ነው፤ ሁሉን ነገር ደንብ ካላበጀለት እንቅልፍ አይወስደውም። ሊወጡ ሲሉ ገድሉ ኪሱን እየዳበሰ «ለሴትየዋ ስንት እንተውላት?» አለ።

«ለምኑ?» አለ ቢሻው።

«ቲፕ ነዋ። ሌላ ምግብ ቤት ከመቶ አስር እሰጣለሁ። ቡፌ ላይ ግን ሁሌ ግራ ይገባኛል። የዚያን ግማሽ ይሆን? ሩቡን?»

«ሌላ ቤት ተሸክማ ታመጣልሃለች። እዚህ ማን ተሸከመ? ተሰልፌ፣ ራሴ አንስቼ፣ ራሴ ተሸክሜ በላሁ። ቲፕ የሚገባው ካለ እኔ ነኝ።»

ገድሉ ሳቀና እጁን ከኪሱ አወጣ። ቢሻው ይህን ያለው ከስስት አልነበረም። ክትፎ ቤት ሲገባ ደህና አድርጎ የሚሰጥ ሰው ነው። በእሱ ሂሳብ ቲፕ የእግር ዋጋ ነው፤ እግሯ ለእኔ ካልሮጠ ምን ልከፍላት ነው ይላል። ደብሪቱ በዚያን ሰዓት አጠገባቸው ያለውን ጠረጴዛ ትወለውል ነበር። ቀና አላለችም። ሲወጡ እንደ ሁልጊዜዋ «በሰላም ያግባችሁ» አለቻቸው።

ወሩ ሳያልቅ አንድ ዓርብ ደብሪቱ አልነበረችም። አሟት ይሆናል ብሎ በላና ሄደ። በሚቀጥለውም ዓርብ አልነበረችም። በሦስተኛው ቢሻው፣ ብነግራችሁ አታምኑኝም፣ እንደ ልጅ አኮረፈ። ሆን ብሎ አንድ ጭልፋ ምስርና አንዲት ቁራጭ ድንች ብቻ አነሳና ሰሃኑን ሰው በሚያየው ቦታ አስቀምጦ ጠበቀ። አስተናጋጆች ወዲያ ወዲህ አሉ። አንዱ ውሃ አስቀመጠ። ሌላዋ ጨው አመጣች። ሰሃኑን ግን ማንም አላየለትም። በመጨረሻ አንዱ መጣና «ጨርሰዋል?» ብሎ ሊያነሳው እጁን ዘረጋ። ቢሻው አዎ አለው፤ አልጨረሰም ነበር።

ሲወጣ ሂሳብ የምትቀበለውን የቤቱን ባለቤት ጠየቃት።

«ያቺ ደብሪቱ የት ሄደች?»

«ለቀቀች እኮ ጋሽ ቢሻው። ከአስፋልቱ ማዶ ክትፎ ቤት ገባች።»

«ተጣላችሁ?»

«ኧረ ምን በወጣን፣ እንደ እህቴ ነበረች። አስተናጋጅ በደሞዝ ብቻ እንደማይኖር ያውቁታል። ሰው ደግሞ ቡፌ ሲሆን ራሴ ነኝ ያነሳሁት እያለ ባዶ እጁን ይወጣል። ስትሄድ አልቅሳለች፤ ግን የምታስተምራቸው ልጆች አሏት።»

ራሴ ነኝ ያነሳሁት። የገዛ ቃሉን ከሌላ ሰው አፍ ሲሰማው አፈረበት። ቃሉን ይዞት ወደ ሱቁ ተመለሰ። እንደገባ አንዲት ደንበኛው ኮረሪማ አለችው። መዘነላት፤ ሚዛኑ ልክ ሞላ። እንደ ልማዱ በጣቶቹ ቆንጠር አድርጎ ሊጨምር ሲል እጁ አየር ላይ ቆመ። ሴትየዋ የጠየቀችው መጠን ሚዛኑ ላይ አለ፤ ታዲያ ይቺ ቁንጥር ለምኑ ነች? ለድካም አይደለችም፣ ለሸክምም አይደለችም። መጥተሻልና አይቼሻለሁ ማለት ነች። ደብሪቱ ያን ሁሉ ዓርብ ይህንኑ ስትሰጠው ነበር። በምራቂ ሱቅ ያቆመው ሰው፣ ምራቂ በእጁ ሲሰጡት አላወቀውም።

«ምነው አባባ፣ ደክሞዎታል?» አለችው ደንበኛው።

«አይ» አለና ኮረሪማውን ጨመረላት። ከወትሮውም አብዝቶ ጨመረ።

በማግስቱ ቅዳሜ ክትፎ ቤቱ ሄደ። ቤቱ ጢም ብሏል። ደብሪቱ ጣባ በጣባ ላይ ይዛ ትሮጣለች። አይታው ፊቷ በራ፤ «እንዴት ነዎት ጋሼ» አለችና ያዘዘውን አምጥታ ወዲያው ወደ ሌላ ጠረጴዛ በረረች። ቢሻው ግማሹን በልቶ ተወው። ሂሳቡን ስታመጣለት ከፈለና ከምግቡ ዋጋ የማይተናነስ ብር አጣጥፎ ትሪዋ ላይ አኖረ።

«ይሄ ምንድን ነው ጋሼ? በዝቷል እኮ።»

«ለዛሬው አይደለም። ለዓርቦቹ ነው።»

«ዓርብ ምን አመጣሁልዎትና? ራስዎ ነበር የሚያነሱት።»

ንግግሯ ውስጥ ክፋት አልነበረም። ቢሻው ግን አንገቱን ደፋ።

«ሰምተሽኝ ነበር ለካ።»

«ሰምቻለሁ» አለች። «ቅር ብሎኝም ነበር።»

«ጨምር ትይኝ ነበር» አለ ቢሻው። «ሙላቷም፣ ባለቤቴ ነፍሷን ይማርና፣ እንዲያው ነበር የምትለኝ።»

ደብሪቱ ትሪውን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈች። «እርስዎስ ምን ይሏት ነበር?»

«በቃኝ አልኩሽ እኮ እላት ነበር። ቆጣ ብዬ። አንድ ቀን እጅሽ ይባረክ ብያት አላውቅም። ማቅረብ ሥራዋ ነው ብዬ ነዋ። አሁን ልበላት ብል የት አገኛታለሁ?»

ከወዲያ ጠረጴዛ ሰው አጨበጨበ። ደብሪቱ ዞር አላለችም።

«እኔም የዓርቡ ቤት ይናፍቀኛል» አለች። «እዚያ የሰው ፊት አይ ነበር። ማን እንደከፋው፣ ማን ብቻውን እንደሚበላ አውቃለሁ። እዚህ ስሮጥ ነው የምውለው። ቲፑ ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ግን እዚህ ከገባሁ ወዲህ ለአንድ ሰው እንኳ ጨምሩ ብዬ አላውቅም፤ የማየው ጣባውን ብቻ ነው።»

ይህን ብላ ጎንበስ አለችና የእሱን ጣባ አየችው።

«ግማሹን ተዉት እኮ ጋሼ። አፈር ስሆን፣ ትንሽ ይጨምሩ።»

ቢሻው እጁን ወደ ጣባው መለሰ። ጎረሰ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ቀና አለ።

«እጅሽ ይባረክ» አላት።

«እጄ አልሠራውም እኮ ጋሼ።»

«አውቃለሁ» አለ ቢሻው።

ደግሞ ተጨበጨበ፤ ደብሪቱ ትሪዋን አንስታ ሄደች። ወደ ቡፌ ቤቱ አልተመለሰችም፤ የምታስተምራቸው ልጆች አሏት። ቢሻው ግን እስከ ዛሬ ዓርብ ዓርብ እዚያው ይበላል። ሰሃኑን ለሚያነሳለት አስተናጋጅ ሁሉ ቲፕ ሳይተው አይወጣም፤ አስተናጋጁ ቢያናግረውም ባያናግረውም ይተዋል። ያችን ቃል ግን እዚያ ቤት ዳግም አልሰማትም፤ ዛሬም ሰሃኑን ይዞ ሲቀመጥ ጆሮው ይጠብቃል። ገድሉ አሁንም ደንቡን ይፈልጋል፤ ቡፌ ላይ ቲፕ ስንት ነው እያለ ይጠይቀዋል። የቢሻው መልስ ሁሌ አንድ ነው፦ «ሚዛኑ ከሞላ በኋላ ጣቶችህ የሚያነሱትን ያህል።»

ለእኛም የሚተርፈን ይኸው ነው። ተሸክመው ላመጡልን መክፈል ቀላል ነው፤ ሸክሙ ይታያል። አይተውን፣ አነሰባችሁ ብለውን፣ ጸጥ ያለችውን ጥግ ጠርገውልን የሚያልፉት ግን በእጃቸው ሰሃን ስለማንመለከት ምንም ያልሰጡን ይመስለናል። የሰጡን ምን እንደሆነ የሚገባን ወንበራችን ላይ ተቀምጠን ድምፃቸው ሲናፍቀን ነው። ያኔ ደግሞ አንዳንዶቹን አስፋልት ተሻግረን እናገኛቸዋለን፤ አንዳንዶቹን ምንም ብንሻገር አናገኛቸውም።

ዛሬ ማዕድ ላይ ስትቀመጡ «ጨምሩ እንጂ» የሚላችሁ ሰው አለ? ካለ፣ ምን ብላችሁ ትመልሱለታላችሁ?