በደህና የወጣችው ፍየል

በአንድ የቀይ ባሕር ወደብ፣ ሰው ምን ያህል ጠልቆ መትረፍ እንደሚችል የሚመራመሩ የባሕር ኃይል ኮማንደር ነበሩ። እሳቸው እንኳ ከጉልበታቸው በላይ ውሃ ነክቷቸው አያውቅም፤ ለዚያማ ፍየሎች ነበሯቸው። አየር እየታመቀ እንደ ጥልቅ ባሕር የሚጫንበት ትልቅ የብረት ጋን አሠርተው ፍየሎቹን በየተራ ያስገባሉ። አንዷ ስትሞት፣ ሌላዋ እያነከሰች ስትወጣ ከርሞ፣ በመጨረሻ አንዲት በደህና ወጣች።

በሳምንቱ ኮማንደሩ መኮንኖቹን ሰብስበው አንድ ዕንቁ ፈላጊ ጠላቂ አስጠሩ።

«ፍየሏ የስልሳ ሜትር ጥልቀት ጫና ተቋቁማ በደህና ወጥታለች። አሁን ተራው ያንተ ነው። ወይስ ከፍየል ታንሳለህ?» አሉት።

መኮንኖቹ ሳቁ። እምቢ ቢል ፈሪ ተብሎ ከወደቡ መባረሩ ነው።

ጠላቂው ሸሚዙን እያወለቀ፣ «መቼም ምርምር ነው፤ እገባለሁ። ብቻ ጌታዬ፣ መጀመሪያ ፍየሏን አንዴ ልያት። ጆሮዋ ይሰማ እንደሆነ፣ እግሯም ይጸና እንደሆነ» አለ።

ኮማንደሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እሷማ ሙከራው የተሳካ ዕለት ታርዳ ለመኮንኖቹ ግብዣ ሆነች።»

ጠላቂው ሸሚዙን መልሶ ለበሰ።

«እንግዲያው ይቅርብኝ ጌታዬ። ጋኑንስ አልፈራሁም፤ የፈራሁት በደህና መውጣቱን ነው።»