ኮምፓይለሩ ያገደው ደብዳቤ

ተረት ተረት ስል «የላም በረት» አትበሉኝ፤ የዛሬው በረት ኮምፒውተር ውስጥ ነው።

ወይዘሮ የሺመቤት ዓይናቸው አያይም። ዘጠኝ ዓመት ያኮረፈቻቸው ታናሽ እህታቸው ዘርፌ በኢሜይል ደብዳቤ ላከችላቸው። «ጎረቤት ካነበበልኝ፣ እኔ ሳልሰማው ሰፈሩ ያለቅስልኛል። ትርገመኝም ትማረኝም ብቻዬን ልስማው» አሉና የሚያነብላቸውን ፕሮግራም ከፈቱ። ፕሮግራሙ «አላነብም» አለ። «የምሠራበት ሥርዓት፣ ፕላትፎርሙ፣ ታድሷል፤ እንደገና ካልተሠራሁ ድምፅ የለኝም።»

ወይዘሮ የሺመቤት ፕሮግራሙን ወደ ጻፈው ወደ ፋሲካ ደወሉ። ፋሲካ ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚለውጠውን ኮምፓይለር «ሥራልኝ» አለው። «አልሠራም! የፕላትፎርሙን የውስጥ ክላስ፣ የራሱን የኮድ ክፍል፣ ነክተሃል፤ እሱ ለቤቱ እንጂ ለእንግዳ አልተሠራም።» እውነቱን ነው፤ ፋሲካ ያኔ ፕሮግራሙን ሲጽፍ አቋራጭ አገኘሁ ብሎ የሰው ጓዳ ገብቷል።

ፋሲካ ክላሱን ለመነው። «ና ውጣ፤ ኮምፓይለሩ አልሠራም አለ፣ ፕሮግራሙ አላነብም አለ።» ክላሱም «አልወጣም፤ ሞጁሉ ዘግቶብኛል» አለ። ሞጁል ማለት ክላሶቹ የሚኖሩበት ግቢ ነው።

ሞጁሉን ለመነው። «ክፈት፤ ክላሱ አልወጣም አለ፣ ኮምፓይለሩ አልሠራም አለ፣ ፕሮግራሙ አላነብም አለ።» ሞጁሉም «የፈቃድ መስመር ካልተጻፈ አልከፍትም» አለ።

መስመሯ አንዲት ናት። በፋሲካ መሥሪያ ቤት ግን እሷም ያለ ፈቃድ ደብዳቤ አትጻፍም። አለቃውን ለመነ። «አቶ ደምመላሽ፣ ይፍቀዱልኝ፤ ሞጁሉ አልከፍትም አለ፣ ክላሱ አልወጣም አለ፣ ኮምፓይለሩ አልሠራም አለ፣ ፕሮግራሙ አላነብም አለ።» አቶ ደምመላሽ መነጽራቸውን አውልቀው «የፈቃድ ደብዳቤው ማህተም የለውማ! አልፈቅድም» አሉ።

ማህተሙ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበታል። ቁልፉ የመዝገብ ቤቷ ወይዘሮ አስካለ ጋ ነው። ወይዘሮ አስካለ ደግሞ ሰንዳፋ፣ የአጎታቸው ለቅሶ ላይ ናቸው።

ፋሲካ ሰንዳፋ ሄደ። ለቅሶ ቤት የሥራ ወሬ ነውር ነው፤ እሱም «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብሎ ተቀመጠ፣ አንገቱን ደፍቶ ሁለት ሰዓት ንፍሮውን ቆረጠመ።

«ምነው ፋሲካ» አሉት ወይዘሮ አስካለ፣ «አጎቴን ሳታውቀው ከእኔ ባስህ?»

ያን ጊዜ በአንድ ትንፋሽ ዘረገፈው። «ማህተሙ ተቆልፎበታል፣ አቶ ደምመላሽ አልፈቅድም አሉ፣ ሞጁሉ አልከፍትም አለ፣ ክላሱ አልወጣም አለ፣ ኮምፓይለሩ አልሠራም አለ፣ ፕሮግራሙ አላነብም አለ፣ ወይዘሮ የሺመቤትም የእህታቸውን ደብዳቤ አልሰሙም!»

ወይዘሮ አስካለ ከሞጁሉም ከክላሱም አንድ ነገር አልገባቸውም። «እህትማማቾቹ በሕይወት አሉ?»

«አሉ።»

«እኔና አጎቴ ይቅር ሳንባባል ቀበርኩት» አሉና ቁልፉን ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው ሰጡት። «ሂድ፣ በል! ምን ይጎልትሃል?»

ቁልፉ መሳቢያውን ከፈተ፣ ማህተሙ የፈቃድ ደብዳቤው ላይ አረፈ፣ አቶ ደምመላሽ ፈቀዱ፣ ፋሲካ መስመሯን ጻፈ፣ ሞጁሉ ከፈተ፣ ክላሱ ወጣ፣ ኮምፓይለሩ «ማስጠንቀቂያ፦ ይህ በር ነገ ላይኖር ይችላል» ብሎ እያጉረመረመ ሠራ፣ ፕሮግራሙም አነበበ።

«እታለም፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ቅዳሜ እመጣለሁ። ከደጅ ብትመልሺኝም እመጣለሁ።»

ወይዘሮ የሺመቤት ስቅስቅ ብለው አለቀሱ። «ድገመው» አሉ። ደገመው። «ድገመው» አሉ። ደገመው። ቅዳሜ እስኪደርስ እንዲሁ ሲደግም ከረመ።

እኔም ተረቴን መለስኩ፤ ዳቦውን ለዘርፌ አስቀምጡላት።