የእሜቴ አትጠገብ ቀይ ቅል

ተረት ተረት!
«የንቦች ቤት!»
እሰይ ልጆቼ። ጠጋ ጠጋ በሉ።

በድሮ ዘመን እሜቴ አትጠገብ የሚባሉ ጠጅ ጣይ ደጋ ላይ ይኖሩ ነበር። በራቸው ላይ ቀይ ቅል ይሰቅላሉ። መንገደኛ ያን ቅል ሲያይ ጠጁን ሳይቀምስ ያምነው ነበር።

ደምለው የሚባል የቆላ ገበሬ ደግሞ ጠጅ ቤት ሊከፍት ፈለገና ወደሳቸው ወጣ።
፦ እሜቴ፣ ስምዎን ያውሱኝ። እኔን ማን ያውቀኛል? አለ።
፦ ስሜን አውስሃለሁ፤ ሙያዬንም አስተምርሃለሁ። ባገርህ ለሌላ ሰው ቀይ ቅል አልሰጥም። አንተ ግን መነሻ ገንዘብ ትከፍለኛለህ፤ እኔ እንዳልኩህ ትጥላለህ፤ ጌሾውን ከኔ ትወስዳለህ፤ ከሸጥከውም ድርሻዬን ትልካለህ። ስሜን ካበላሸህ ቅሌን አወርዳለሁ፤ አሉት።

ደምለው መነሻውን ለመክፈል በሬዎቹን ሸጠ። ሙያውን ተማረ። ከዚያም ቆላ ወርዶ ቅሉን ሰቀለ።

ያሉትን አንዲት ሳያጓድል ጣለ። ጨረቃ ሞልታ እስክትጎድል ጋኑን አትክፈት ብለውት ነበርና አልከፈተም። ሲከፍተው ግን፣ እናንተዬ፣ ጠጁ ሆምጥጧል! የመጀመሪያው ጠጪ ፊቱን አጨማዶ፦ ይሄን ለቁስል ማጠቢያ ነው እንዴ የጣልከው? አለው። ቤቱ በሳቅ ሞላ። ደምለው ደግሞ ጣለ። ያም ሆመጠጠ።

አሁን ጨነቀው። በሬ የለ፣ ጠጅ የለ። ቅሉም ከወረደ ምን ሊበላ ነው?

ጎረቤቱ ብሬ፦ አንተ ሞኝ፣ ማር ጨምርበትና ሽጠው! እሷ ደጋ ሆና በምን ታውቃለች? አለው።
ሚስቱ ይታይሽ ግን፦ ዝም በል ብሬ! አለችና ወደ ባሏ ዞራ፦ አንተ ሰውዬ፣ የገዛኸው ስማቸውን ብቻ ነው? ምክራቸውንስ? ሂድና ንገራቸው፤ አለች።
፦ ቅሉን ቢያወርዱብኝስ?
፦ ቢያወርዱም ሳትዋሽ ያውርዱት።

ደምለውም ከሆምጣጣው ጠጅ ይዞ ደጋ ወጣና እውነቱን ነገራቸው። እሜቴ ቀመሱና ዓይናቸውን ጨፈኑ።
፦ ጌሾው ልክ ነው። ማሩም ልክ ነው። አገርህ ይሞቃል እንዴ?
፦ እሳት ነው፣ እሜቴ።
እሜቴ ሳቁ።
፦ ጥፋቱ የኔ ነው፤ የደጋውን መላ ለቆላ ሰጠሁህ። ሙቀት ጠጁን ያጣድፈዋል። ሳትነግረኝ ማር ብትጨምርበት ኖሮ ግን ቅሌን ዛሬውኑ አወርደው ነበር። ያንተ ጠጅ ሲሆመጥጥ የሚሆመጥጠው የኔ ስም ነው እኮ! አሉት።

በቅሏቸውን አስጭነው አብረውት ወረዱና ጠጁን አብረው ጣሉ።
፦ ጨረቃዋን ተዋት። ጆሮህን ጋኑ ላይ ለጥፍ፤ የሚፈላው ጠጅ መንጫጫቱ ጋብ ሲል ክፈተው፤ አሉ።
ጋብ አለ። ከፈተው። ወርቅ የመሰለ ጠጅ!

አንድ ነጋዴ ብርሌውን ጨልጦ፦ ይሄ የማን ጠጅ ነው? አለ።
ደምለው ወደ እሜቴ አየ። እሳቸውም፦ ስሙ የኔ፣ እጁ የሱ፤ አሉ።
ደምለውም እፎይ አለና በገዛ ቤቱ እንደ እንግዳ ተቀምጦ ጠጣ።

እኔ ተረቴን አጠጣኋችሁ፤ እናንተ ደግሞ በወፍራም ጉርሻ አጉርሱኝ።