ተራውን ለኋለኛው የሰጠው አባት

አንድ የአምቡላንስ ሾፌር በኩባ ደሴት፣ በአንዲት የወደብ ከተማ ይኖር ነበር። ስሙ ኦስማኒ ነው፤ ሚስቱ ያኔሊስ ትባላለች። የሦስት ዓመት ልጅ ነበረቻቸው።

ልጅቷ አንድ ጠዋት ትንፋሽ አጠራትና ያኔሊስ ለባሏ ደወለችለት። እሱም በራሱ አምቡላንስ መጥቶ ወሰዳቸው። አብራው የምትሠራው ነርስ የኦክስጅኑን ጭምብል ልጅቷ አፍ ላይ አደረገችላት። በጭምብሉ ውስጥ ግን ምንም አልመጣም፤ ያኔሊስ ይህን አላወቀችም። የኦክስጅኑ ሲሊንደር ባዶ መሆኑን ኦስማኒ ካወቀ ሁለት ሳምንት አልፎት ነበር፤ አመልክቶ የሰማው አልነበረም። ልጅቷ መንገድ ላይ አረፈች።

በሦስተኛው ቀን የሥራ ኃላፊው ወረቀት አቀረበለት። ልጅቷ የሞተችው "እናት ዘግይታ በመጥራቷ" ነው ይላል።

"ፈርም" አለው። "አለዚያ መሪውን ሌላ ሰው ይይዘዋል።"

ኦስማኒ ፈረመ። ከዚያ ወዲህ ያኔሊስ፣ "ምነው ትንሽ ቀደም ብዬ በደወልኩልህ" እያለች ራሷን ትበላለች። እሱ ሰምቶ ፊቱን ያዞራል።

በዚያች ከተማ ሰልፍ ያየ ሰው ምን እንደሚሰጥ ቀድሞ አይጠይቅም። "መጨረሻው ማነው?" ብሎ ቦታውን ይይዛል፤ ሌላው ቆይቶ ይደረስበታል። አንድ ቅዳሜ ኦስማኒ አንድ አሮጌ ሱቅ በር ላይ ረጅም ሰልፍ አየና ተሰለፈ።

"ምን እየሰጡ ነው?" አለ።

"ዶሮ ነው አሉ" አለች ከፊቱ የቆመችው ሴት።

"ኧረ ሳሙና ነው!" አለ ሌላ።

ከኋላው የመጡ ሽማግሌ ሳቁ። "ዶሮም ሳሙናም ካልሆነ የሬሳ ሣጥን ይሆናላ። እኔ እሱንም ቢሆን እወስዳለሁ፣ ልጆቼ።"

ሰልፈኛው ሁሉ ሳቀ። ኦስማኒ አልሳቀም።

የገባ ሰው የሚወጣው በጓሮ በር ስለነበር ውስጥ ያለውን ማንም አያውቅም። ተራው ደርሶ ሲገባ አንድ ማይክራፎን፣ አንድ የግድግዳ ሰዓትና አንዲት ሴት ብቻ አገኘ።

"ዶሮው የታለ?"

"ዶሮ የለም፣ ወንድሜ። እኔ ሠዓሊ ነኝ፤ ሥራዬም ይኸው ነው። እዚህ የሚሰጠው አንድ ደቂቃ ነው። ስትሰለፍ የኖርክለትን፣ ማንም ያልጠየቀህን ተናገር። ስምህን አልፈልግም። ነገ ድምፅህ አደባባይ ላይ ይሰማል።"

ኦስማኒ ወደ ማይክራፎኑ ተጠጋ። "ሲሊንደሩ ባዶ ነበር።" ይህችው ናት፤ ሦስት ቃል። አፉን ከፈተ። ኃላፊው ታየው፤ የፈረመው ወረቀት ታየው። ሰዓቱ ሲቆጥር ሰማ። ደቂቃው ሊያልቅ ሲል ወደ ኋላ አፈገፈገ።

"የምለው የለኝም። ተራዬን ለሽማግሌው ስጪልኝ።"

"የራሳቸው ተራ አላቸው" አለች ሠዓሊዋ በቀስታ። "ያንተም ተቀድቷል።"

እሁድ ያኔሊስ እንሂድ አለችውና አደባባይ ወጡ። ከድምፅ ማጉያው አንዲት እናት ልጇ የታሰረበትን ቀን ተናገረች። አንድ ሰው ዳቦውን ሲራገም ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። ቀጥሎ ድምፅ ማጉያው ዝም አለ። የሚሰማው የሰው ትንፋሽ ብቻ ነበር።

"ይሄ ዶሮውን እየጠበቀ ነው!" ብሎ ጮኸ አንዱ።

ያኔሊስ የባሏን እጅ ይዛ ነበር። "ምስኪን" አለች። "ምን ከብዶት ይሆን? ለሚስቱስ ነግሯት ይሆን?"

"እንጃ" አላት ኦስማኒ።

ከዚያ የሽማግሌው ድምፅ መጣ። "ልጆቼ፣ እኔ እንኳ ዕድሜዬን በሙሉ..." ብለው ሳይጨርሱ ፖሊሶች ደርሰው ሽቦውን በጠሱት። ሠዓሊዋን መኪና ላይ ጫኗት። ሕዝቡም ተበተነ።

የሽማግሌውን ድምፅ ለመዝጋት አንድ መኪና ሙሉ ፖሊስ አስፈልጓል። የኦስማኒን ደቂቃ ግን የነካት የለም፤ እስከ መጨረሻዋ ሰከንድ ተሰምታለች።

አፍ የሚዘጋ ኃይል በዓለም ላይ አለ፤ እሱን መውቀስ ተገቢ ነው። ነገር ግን ኦስማኒን አደባባዩ ላይ፣ ሚስቱ እጁን ይዛው ሳለ፣ ማንም አልከለከለውም። ኃላፊው እዚያ አልነበረም። የምንፈራው ሰው በሌለበትም ዝም ካልን ዝምታው የራሳችን ሆኗል። ዕዳውን የሚሸከመውም የፈራነው ሰው አይደለም፤ አብሮን የሚያድረው ነው። ያኔሊስ ዛሬም ልጄን የገደልኳት እኔ ነኝ ብላ ታምናለች።

አንባቢ ሆይ፣ አንተ ባለመናገርህ ያላጠፋውን ጥፋት ተሸክሞ የሚኖር ሰው ቤትህ ውስጥ አለ?